ዋጋውን ማን ተከራከረ?

ስለ ሕክምና ወጪ ክርክር በተነሳ ቁጥር ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ «መንግሥት ይክፈል» ይላል። ሌላው «የለም፣ ገበያው ይዳኘው» ይላል። ከዚያ ስድድቡ ይጀመራል። ምርጫ ሲቃረብ ደግሞ ይብስበታል።

እኔን የሚገርመኝ ሁለቱም ወገኖች የሚጣሉት ሒሳቡ ከመጣ በኋላ መሆኑ ነው። ደረሰኙ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጭቅጭቁ ማን ኪሱ ይግባ ነው። «ቆይ እስቲ፣ ይሄን ቁጥር ማን ጻፈው? ሲጻፍስ ማን ተከራከረልን?» የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

አንድ ሌሊት ታላቅ ወንድሜን በትርፍ አንጀት ሕመም ይዤ ሆስፒታል ገባሁ። ሐኪሙ ሆዱን ነካ ነካ አደረገና «አሁኑኑ ኦፕራሲዮን መሆን አለበት» አለኝ። ወዲያው «ማስያዣ ከፍለህ ደረሰኙን አምጣ» ተባልኩ። ካሸሯ መስኮት ጋ ቆሜ «ስንት ነው?» ከማለት ውጪ ምንም አልወጣኝም። ሌላ ቦታ ስንት ይሆን? ይሄ ሁሉ ምርመራ የግድ ነው? አንዱም ትዝ አላለኝም። ጫማ ስገዛ እንኳ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ፣ ሻጩን አሰልችቼ የምገዛ ሰው ነኝ። ያን ሌሊት የተባልኩትን ሁሉ ከፈልኩ።

ሲወጣ ዝርዝሩ ተሰጠን። ጓንት። ስሪንጅ። ፋሻ። ግሉኮስ። እንደገና ጓንት። አልጋ። የኦፕራሲዮን ክፍል። የማደንዘዣ ባለሙያ። ከሥር «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር አለ። ቁጥሩ ከቀዶ ሐኪሙ ክፍያ ይበልጣል። «ልዩ ልዩው ምንድን ነው?» አልኳት። ካሸሯ ስክሪኑን አየች፣ ወደ ታች ወረደች፣ ወደ ላይ ወጣች። «ሲስተሙ ያወጣው ነው» አለችኝ። አልዋሸችም፤ እሷም የምታውቀው ያንኑ ነው። ወንድሜ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ «በቃ ክፈልና እንሂድ» አለ። ከፍለን ሄድን።

ኢኮኖሚስቱ ኬኔት አሮው ይህንን ነገር በ1963 ዘርዝሮ ጽፎታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ሕክምና እንደ ሌላ ዕቃ የማይገበያይበትን ምክንያት ሲያስረዳ መነሻው እርግጠኛ አለመሆን ነው። መቼ እንደምትታመም አታውቅም። ስትታመም ምን እንደሚያስፈልግህ የሚነግርህ ያው አገልግሎቱን የሚሸጥልህ ሰው ነው። ከታከምክ በኋላም መድኃኒቱ ይሁን ጊዜው ያዳነህ በቅጡ አታውቅም። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ «ገዢው አማርጦ ይግዛ» ማለት ለማለት ያህል ነው።

«ገበያው ይዳኘው» የሚሉትን ግን እንዲሁ በዋዛ ማለፍ አይገባም። አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ነጻ የሆነ ነገር ይባክናል። ሰው ከኪሱ ትንሽም ቢሆን ሲያወጣ ያስብበታል ይላሉ። ደግነቱ ይህ በወሬ ብቻ የቀረ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ራንድ የተባለው የምርምር ድርጅት ከ1974 እስከ 1982 በተግባር ሞክሮታል። ከ2,700 በላይ ቤተሰቦችን በዕጣ መደባቸው። አንዳንዶቹ ፍጹም ነጻ ታከሙ። ሌሎቹ የተወሰነውን ድርሻ፣ አንዳንዶቹም አብዛኛውን ከኪሳቸው ከፈሉ። በዓመት ከሚከፍሉት ላይ ጣሪያ ተበጀላቸው።

ውጤቱ ለሁለቱም ወገን የሚሆን ነገር ይዟል። አብዛኛውን ከኪሳቸው የሚከፍሉት በነጻ ከሚታከሙት ወደ 30 በመቶ ያነሰ ወጪ አወጡ። ለአብዛኛው ሰው ደግሞ ጤናው ላይ የጎላ ልዩነት አልታየም። የገበያ ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ያጨበጭባሉ። ግን ወረቀቱ አላለቀም። ሰዎቹ የቀነሱት የማያስፈልገውን ሕክምና ብቻ አልነበረም። የሚያስፈልገውንም በእኩል መጠን ነው የቀነሱት። ደሃ ሆነው ቀድሞውኑ የታመሙት ላይ ጉዳቱ ታየ። በተለይ የደም ግፊታቸው በነጻ ከሚታከሙት እኩዮቻቸው የከፋ ነበር።

ይሄን ሳነብ አክስቴ ናት ትዝ ያለችኝ። የደም ግፊት ኪኒን በየቀኑ እንድትውጥ ታዟል። እሷ ግን ጭንቅላቷን ሲያማት ብቻ ነው የምትወስደው። ኪኒኖቹ ከአልጋዋ አጠገብ በጨርቅ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ ሲያም ብቻ የሚወሰድ አይደለም» ስላት «ልጄ፣ ደህና በሆንኩበት ቀን ለምን አቃጥለዋለሁ?» ትለኛለች። ቆጣቢ ናት። ሒሳብም ታውቃለች። ግን የደም ግፊት ስሜት የለውም። ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቀን ነው የሚጥለው። አንድ ሰው የትኛው ሕክምና ቢቀር ችግር እንደሌለው ለይቶ ይቁረጥ ማለት የሐኪሙን ሥራ ለአክስቴ መስጠት ነው።

እንግዲህ በታመሙበት ሰዓት መክፈል ካልሆነ ያለው ሌላ መንገድ ደህና በሆኑበት ሰዓት ማዋጣት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ። ይህን በአገር ደረጃ በሕግ ቀድማ የደነገገችው ጀርመን ናት። መሪዋ ቢስማርክ በ1883 የሠራተኞች የሕመም መድን ሕግ አወጣ። ሠራተኛው ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን፣ አሠሪው አንድ ሦስተኛውን ይከፍላል። ቢስማርክ ለሠራተኛው አንጀቱ ተንሰፍስፎለት አልነበረም። ሶሻሊስቶቹ ሠራተኛውን እንዳይወስዱበት ፈርቶ ነው። ይሁን። ከፍርሃት የመጣ ሕግ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራ ኖሯል።

መዋጮ ሲባል የሚያጣላው «የግድ ነው ወይስ በፈቃድ?» የሚለው ነው። በፈቃድ ሲሆን ጤነኛው ወጣት «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ይቀራል። የሚመዘገበው የታመመው ነው። መዋጮው ይንራል። ሲንር ትንሽ ደህና የሆነውም ጥሎ ይወጣል። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት በጣም የታመሙትና መክፈል የማይችሉት ናቸው። ስለዚህ አብዛኞቹ አገሮች በሆነ መልኩ ግዴታ አድርገውታል፤ በደመወዝ ቆርጠው፣ በግብር ሰብስበው። ግዴታ የሚለው ቃል ደስ አይልም፤ እኔንም ደስ አይለኝም። ግን የመኪና መድን ግዴታ ነው ሲባል መንገድ ላይ ሰልፍ የወጣ ሰው አላየሁም።

እዚህ ድረስ የተነጋገርነው ማን ይክፈል ስለሚለው ነው። ብዙዎቹ ማሻሻያዎች የሚያልቁትም እዚሁ ነው። ሁሉም ሰው መድን ይኖረዋል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ዋጋው ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

አሜሪካን ተመልከቱ። በ2023 የጤና ወጪዋ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 17.6 በመቶ ነበር፤ በአንድ ሰው ወደ 14,570 ዶላር። እንዲህ ሲባል አሜሪካኖች ከሐኪም ቤት የማይወጡ ይመስላል። አይደለም። ከሌሎች ሀብታም አገሮች ሕዝብ በላይ ሐኪም ጋ አይመላለሱም፤ ሆስፒታልም አብዝተው አይተኙም። ልዩነቱ እያንዳንዱ ነገር የሚሸጥበት ዋጋ ላይ ነው። ያው ምርመራ፣ ያው ኪኒን፣ ያው አልጋ።

ከሁሉም ግልጽ የሚያደርገው የሶቫልዲ ታሪክ ነው። ሶቫልዲ ሄፓታይተስ ሲን የሚያድን ኪኒን ነው። ጊልያድ የተባለው ኩባንያ በ2013 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲያወጣው የአንዱ ኪኒን ዋጋ 1,000 ዶላር ነበር። የ12 ሳምንቱ ሕክምና 84,000 ዶላር ይፈጃል። መድኃኒቱ ግሩም ነው፤ እሱ ላይ ማንም አልተከራከረም። ዕድሜ ልክ ጉበት ሲበላ የኖረን በሽታ በ3 ወር ጠርጎ ያወጣል። ግን በዚያ ዋጋ ለሁሉም ይሰጥ ቢባል የማንም በጀት አይችለውም። ስለዚህ ብዙ ቦታ «ጉበትህ ገና አልተጎዳም፤ ሲጎዳ ተመለስ» ማለት መጣ። መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ሰውየው እንዲብስበት ይጠበቃል።

ግብፅ ደግሞ በዓለም ላይ በሄፓታይተስ ሲ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ነበረች። ምክንያቱ ራሱ ያሳዝናል። ቀደም ባሉት አሥርት ዓመታት ለቢልሃርዚያ የተሰጠው የመርፌ ዘመቻ በቅጡ ባልተቀቀሉ መርፌዎች ቫይረሱን አዛምቶታል። ሊያድን የመጣ ዘመቻ ሌላ በሽታ ጥሎ ሄደ። ግብፅ ግን ለጊልያድ ብዙ ሚሊዮን ሕሙማን ያሉት ገዢ ሆና ቀረበች። በ2014 ለአንድ ወር 300 ዶላር ተስማሙ። ሙሉው ሕክምና 900 ዶላር ሆነ። ያው ኪኒን ነው። ከዚያ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ማምረት ሲጀምሩ ዋጋው የበለጠ ወረደ። በ2018 በአገር አቀፍ ዘመቻ ሕዝቡን መመርመር ጀመሩ። የተገኘበትን በነጻ አከሙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 በሽታውን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ ለግብፅ የወርቅ ደረጃ ሰጣት።

ኩባንያዎቹ ሲጠየቁ «ምርምር ገንዘብ ይፈልጋል» ይላሉ። ውሸት አይደለም። አንድ መድኃኒት እስኪወጣ ብዙ ሙከራ ከሽፎ ይቀራል፤ የከሸፈውንም ወጪ አንድ ሰው መሸፈን አለበት። እኔ መድኃኒት በነፃ ይውጣ የምል ሰው አይደለሁም። ግን የአሜሪካ ሴኔት የፋይናንስ ኮሚቴ የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች መርምሮ በ2015 የደረሰበት መደምደሚያ ሌላ ነው። ዋጋው የተቆረጠው ገቢን ለማብዛት ታስቦ ነው አለ፤ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን እንደማያገኙ እየታወቀ። የምርምሩ ወጪ ተሰልቶ አልነበረም። ሻጭ ገዢው «አልገዛም» ማለት እንደማይችል ካወቀ ሌላ ምን ያደርጋል?

የባሰው ደግሞ አለ። አሜሪካ ለአዛውንቶች የምትሰጠው የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ በ2003 የመድኃኒት ሽፋን ሲጨመርለት ሕጉ ውስጥ አንድ ነገር ተጻፈ። መንግሥት ከመድኃኒት ኩባንያዎች ጋር በዋጋ እንዳይደራደር ተከለከለ። በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ ገዢዎች አንዱ አፉ ተለጎመ። ክልከላው የላላው በ2022 ሕግ ነው። የመጀመሪያዎቹ 10 መድኃኒቶች የድርድር ዋጋም በሥራ ላይ የዋለው በ2026 መጀመሪያ ነው።

ከዋጋው ቀጥሎ የአከፋፈሉ መንገድ ይመጣል። ለሐኪሙ በሠራው ልክ ከከፈልከው ብዙ ይሠራል፤ አንዳንዴ ከሚያስፈልገው በላይ። በተመዘገበለት ሰው ቁጥር ከከፈልከው ደግሞ ትንሽ ሠርቶ ሊያልፍ ይፈተናል። ሜዲኬር በ1983 ለሆስፒታሎች ለየበሽታው ዓይነት አንድ ቁርጥ ክፍያ መክፈል ጀመረ። ሆስፒታሎቹ ሕሙማንን ቶሎ ቶሎ ማሰናበት ጀመሩ። ሁሉም ዘዴ የራሱ ቀዳዳ አለው። ጃፓን በመላ አገሪቱ አንድ የዋጋ መጽሐፍ አላት። በየ2 ዓመቱ ይከለሳል፤ ከሐኪም እስከ ሆስፒታል ሁሉም ከዚያ ላይ ነው የሚያስከፍለው። ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር ከየት እንደመጣ የፈለገ መጽሐፉን ገልጦ ያያል። በእኔ ደረሰኝ ላይ የነበረው «ልዩ ልዩ» እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ምን ገጽ ላይ ይገኝ እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ለማድረግ የግድ ሀብታም መሆን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ታይላንድ በ2002 መድን ላልነበረው ሕዝቧ ሁሉ ሽፋን ስትሰጥ ሀብታም አገር አልነበረችም። ሕመምተኛው በአንድ ጉብኝት 30 ባት ብቻ ይከፍል ነበር። ሰው የሚያስታውሰው ያቺን 30 ባት ነው። ሥራውን የሠራው ግን ከጀርባ ያለው ነው። ገንዘቡ በአንድ እጅ ተሰበሰበ፤ ለሆስፒታሎች በተመዘገበው ሰው ቁጥርና በቁርጥ በጀት ተከፈለ፤ መድኃኒት በጅምላ ተደራድሮ ተገዛ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ከታወቀ ለምን አይደረግም? ምክንያቱም የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ ነው። የካናዳዋ ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር በ1962 ለነዋሪዎቿ ሁሉ የሕክምና መድን ስትጀምር ሐኪሞቹ ሥራ አቆሙ። አድማው 23 ቀን ቆየ። ከብሪታንያ ሐኪሞች በአውሮፕላን መጡ። በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች ትንሽ ትንሽ ለቀቁና ተስማሙ። ዛሬ ያ መድን የካናዳ ሁሉ ኩራት ነው። በአድማው ወቅት ግን ጎረቤት ከጎረቤት ተኳርፎ ነበር። ሐኪሞቹን ክፉ ሰዎች አድርጌ ማየት አልፈልግም። ማንም ደመወዙ ላይ ሌላ ሰው ሲወስን ይቆጣል፤ እኔም እቆጣ ነበር።

«መንግሥት ይክፈል» የሚሉትም ሳይነካ የሚያልፍ ጉዳይ አላቸው። ገንዘብ በር ላይ ካልከለከለ ጊዜ ይከለክላል። እንግሊዝ ውስጥ በሴፕቴምበር 2023 ቀጠሮ የሚጠበቅባቸው ሕክምናዎች ቁጥር ከ7.7 ሚሊዮን አልፎ ነበር። በነጻ ነው፤ ግን ዳሌህ እስኪቀየር ወራት በምርኩዝ ትሄዳለህ። አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ «አይሆንም» ማለቱ አይቀርም። በገንዘብ የሚሠራው ሥርዓት «አይሆንም» የሚለው በካሸሯ አፍ ነው። በነጻ የሚሠራው በሰልፍ ነው።

እንግሊዞቹ ቢያንስ «አይሆንም» የሚለውን ሰው ስም ሰጥተውታል። ናይስ የሚባለው ተቋም ከ1999 ጀምሮ አዲስ መድኃኒት የሚያስገኘውን ጤና ከዋጋው ጋር ይመዝናል። ለብዙ ዓመታት መለኪያው በሙሉ ጤና ለሚኖር አንድ ተጨማሪ ዓመት ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ነበር። ሕይወት በፓውንድ ሲለካ መስማት ይሰቀጥጣል። የካንሰር ሕሙማን ቤተሰቦች አልቅሰውበታል፤ ጋዜጦች ጮኸውበታል። ግን ምክንያቱ በጽሑፍ ይወጣል። ኩባንያውም ዋጋ ቀንሶ መመለስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ይመለሳል። እኔ ከ«ሲስተሙ ያወጣው ነው» ይልቅ ይሄን እመርጣለሁ።

አንድ ጊዜ ተስተካክሎ የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነም እዚያው እንግሊዝ ማየት ይቻላል። የብሪታንያን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በጁላይ 1948 ሥራ ያስጀመረው ሚኒስትር አኑሪን ቤቫን ነው። ሁሉም በነጻ ነበር። በ1951 የራሱ መንግሥት ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ክፍያ ይደረግ ሲል ቤቫን ሥልጣኑን ለቀቀ። በ1952 የመድኃኒት ማዘዣ ክፍያ መጣ። በ1965 ተነሳ። በ1968 ተመለሰ። ዌልስ በ2007፣ ሰሜን አየርላንድ በ2010፣ ስኮትላንድ በ2011 አስቀሩት። እንግሊዝ ውስጥ አሁንም ይከፈላል፤ ሕፃናት፣ አዛውንትና ሌሎችም ነጻ ስለሚሆኑ ግን ከ10 መድኃኒት 9ኙ ገደማ ያለ ክፍያ ነው የሚወጣው። ለቀረችው ለአንዷ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ።